ተማሪው ሲሳሳት፤ ስለ መልካም መምህር መመዘኛ የቀረበ ሒስ

መልካም መምህር ማን ነው የሚለው ጥያቄ በመምህራን ስብሰባም ሆነ በማሠልጠኛ ኮሌጆች በተነሣ ቁጥር፣ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ በዝርዝር መልክ የሚቀርብ ነው። መልካም መምህር ትዕግሥተኛ ነው፤ ሰዓት አክባሪ ነው፤ በሥነ ምግባሩ አርአያ ነው፤ ሙያውን ያፈቅራል፤ ተማሪዎቹን እንደ ልጆቹ ያያል፤ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ የሰሌዳ ጽሑፉ የሚነበብ ነው። ዝርዝሩ እንደ ተናጋሪው ይረዝማል ወይም ያጥራል እንጂ መልኩ አይለወጥም። ከተዘረዘሩትም ባሕርያት መካከል አይረባም ተብሎ የሚጣል አንድም የለም።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩ በጥሞና ሲመረመር አንድ ትልቅ ጉድለት ይታይበታል። ትዕግሥት፣ ሰዓት ማክበር፣ አርአያነትና ፍቅር ለሐኪምም፣ ለዳኛም፣ ለነጋዴም፣ ለወላጅም የሚያስፈልጉ የመልካም ሰው ባሕርያት ናቸው። መምህሩን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው፣ የማስተማር ሥራ የራሱ የሆነው ችሎታ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ አይጠራም። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ፣ ያ ችሎታ የተማሪን ስሕተት የማዳመጥና የስሕተቱን መነሻ የመረዳት ችሎታ ነው የሚል ነው። ከዚህም ጋር የመምህራን መመዘኛዎች ይህን ችሎታ ሳያዩ የሚያልፉት ለምን እንደ ሆነና ይህም በተማሪው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ይመረመራል።

1. ታዛቢው የማያየው ነገር

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በየትም ትምህርት ቤት ሊያጋጥም የሚችል አንድ የሒሳብ ትምህርት በምሳሌነት ይወሰድ። ታዛቢው፣ ርእሰ መምህርም ይሁን ሱፐርቫይዘር፣ ቅጹን ይዞ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጧል። መምህሩ የትምህርት ዕቅዱን አዘጋጅቷል፤ የዕለቱን ርእስና ዓላማ በሰሌዳው ላይ ጽፏል፤ ያለፈውን ትምህርት በጥያቄ አስታውሷል፤ ከካርቶን የተሠራ የትምህርት መርጃም ይዟል። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሲደመሩ ስንት ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «2/7» ይላል። መምህሩ ሳይቆጣ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይደለም፤ ተቀመጥ። ሌላ ሰውስ?» ይላል። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ተማሪ ተነሥታ «7/12» ትላለች። መምህሩም «ጎበዝ! አጨብጭቡላት» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ታዛቢው ቅጹን ሲሞላ የሚያጎድለው ነጥብ አይኖርም። ዕቅድ አለ፤ መርጃ መሣሪያ አለ፤ ተማሪዎች ተሳትፈዋል፤ መምህሩ አበረታቷል፤ ቁጣ አልታየም። ሆኖም የዚያን ዕለት ትምህርት ሊወልድ ይችል የነበረው ዋነኛ አጋጣሚ በታዛቢውና በመምህሩ ፊት አልፏል። ልጁ «2/7» ያለው በግምት አልነበረም። ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ደምሮ ነው። ይህም አሠራር ለእርሱ ምክንያት የሌለው አይደለም፤ እስከዚያች ቀን ድረስ የሚያውቀው መደመር ሁሉ ቁጥርን በቁጥር ላይ መጨመር ነበርና። «አይደለም» መባሉ መልሱ ተቀባይነት እንዳላገኘ ነገረው እንጂ አስተሳሰቡ ከመንገድ የወጣው የት ላይ እንደ ሆነ አልነገረውም። ስለዚህ የያዘውን አሠራር ይዞ ተቀመጠ። ጭብጨባው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አስተማረው፤ ሁለተኛ እጁን እንዳያወጣ።

ስሕተትን የሚያዳምጥ መምህር በዚህ ቦታ ላይ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ልጁ አሠራሩን ከነገረውም በኋላ፣ «እስቲ በዚሁ መንገድ ግማሽ ዳቦና ግማሽ ዳቦ ደምር» ይለው ነበር። ልጁም 2/4 ያገኛል። 2/4 ግን ያው ግማሽ ነው። ግማሽ ዳቦ በግማሽ ዳቦ ላይ ተጨምሮ ተመልሶ ግማሽ ዳቦ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሲያይ ልጁ ራሱ በአሠራሩ ላይ ጥርጣሬ ያድርበታል፤ የጋራ ታሕት የመፈለግንም አስፈላጊነት ለመቀበል የተዘጋጀ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጊዜ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ የሚሰጠውም ጥቅም ተመሳሳይ አሳብ ይዘው በዝምታ ለተቀመጡት ለሌሎቹም ጭምር ነው።

በሌላ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ በደብተሯ «2/12» ብላ ጽፋ ሊሆን ይችላል። ይህች ልጅ የጋራ ታሕት መፈለግን ታውቃለች፤ የሳተችው ላዕሎቹን አብራ አለመለወጧ ላይ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ሲታረሙ ሁለቱም ልጆች አንድ ዓይነት የኤክስ ምልክት ያገኛሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ልጅ የክፍልፋይን ትርጉም ከሥሩ መማር ያስፈልገዋል፤ ለሁለተኛዋ ግን አንዲት የተዘለለች እርምጃ ማሳየት ይበቃታል። ሁለቱን አንድ ላይ «አልገባቸውም» ብሎ ትምህርቱን እንደ ገና ከመጀመሪያው የሚደግም መምህር ለአንዱም ለሌላዋም የሚሆን መድኃኒት አልሰጠም። በሽታውን ሳይለይ ለሁሉም አንድ ኪኒን የሚያድል ሐኪም ቢገኝ ሰው ዝም ብሎ አያየውም ነበር።

2. የሚያስፈልገው ዕውቀት የትኛው ነው?

የመምህራን ትምህርት በሚወሳበት ጊዜ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ነው። አንደኛው ወገን ለመምህር ዋናው የትምህርቱን ይዘት ማወቅ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዋናው የማስተማሪያ ዘዴ ነው ይላል። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ጽሑፍ ይህ ክርክር አንድ ሦስተኛ የዕውቀት ዓይነትን እንደሚዘነጋ አመልክቷል። ይኸውም አንድን የተለየ ይዘት ለማስተማር የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው፤ ተማሪዎች በዚያ ይዘት ላይ ምን ዓይነት የተሳሳተ አሳብ ይዘው እንደሚመጡ፣ የትኛው ምሳሌ እንደሚያስረዳቸው፣ የትኛውስ እንደሚያደናግራቸው ማወቅ። የሒሳብ ሊቅ የሆነ ሰው ይህ ዕውቀት ላይኖረው ይችላል፤ የማስተማሪያ ዘዴን መጽሐፍ በቃሉ የያዘም እንዲሁ።

ይህን አሳብ በተጨባጭ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ሊፒንግ ማ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ነው። 23 የአሜሪካና 72 የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራን ተጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ አንድ ሙሉ ከሦስት አራተኛን ለአንድ ሁለተኛ ማካፈልና ይህንኑ ለተማሪ የሚያስረዳ ታሪክ መፍጠር ነበር። ስሌቱን የቻይናዎቹ ሁሉም በትክክል ሲሠሩት ከአሜሪካኖቹ የተሳካላቸው ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ትክክለኛ ታሪክ መፍጠርን በተመለከተ ደግሞ ከቻይናዎቹ 65ቱ ሲችሉ ከአሜሪካኖቹ የቻለ አንድ ብቻ ነበር። ከቀሩት ብዙዎቹ ለግማሽ ማካፈልን ለሁለት ሰው ከማካፈል ጋር አምታተውታል። ጥያቄው ለኢትዮጵያ መምህርም ባዕድ አይደለም። አንድ ሊትር ከሦስት አራተኛ ዘይት በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቢቀዳ ስንት ጠርሙስ ይሞላል ብሎ መጠየቅ ነው፤ መልሱም ሦስት ጠርሙስ ተኩል ነው። በዚህ ታሪክ ተማሪው አካፍሎ ያገኘው ቁጥር ከመጀመሪያው የበለጠበትን ምክንያት በዓይኑ ያያል።

የተጠየቁት መምህራን ጥቂት ስለሆኑ የሁለቱን አገሮች መምህራን በሙሉ ይወክላሉ ማለት አይቻልም። ለዕቅድ አውጪ ግን ከአኃዙ ይልቅ አንድ ሌላ ነጥብ ሊያሳስበው ይገባል። በትምህርት ዓመታት ብዛት ይበልጡ የነበሩት አሜሪካኖቹ ነበሩ፤ የቻይናዎቹ የመደበኛ ትምህርት ዘመን ከእነርሱ በብዙ ዓመታት ያነሰ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው፣ የቻይናዎቹ መምህራን የሚያስተምሩትን መጽሐፍ በየጊዜው አብረው እያጠኑና በተማሪዎቻቸው አሠራር ላይ እየተወያዩ ዕውቀታቸውን በሥራ ላይ ማሳደጋቸው ነው። በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ ለማሳደግ ብዙ ገንዘብና ጉልበት ፈስሷል፤ ጥረቱም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱ ደረጃ ከፍ ማለቱ ብቻውን መምህሩ «2/7» ሲባል ምን እንደሚሰማ አይለውጥም።

3. ቅኔ ቤት የተወው ትምህርት

የማዳመጥ ችሎታ ከውጭ የመጣ አዲስ አሳብ የሚመስለው ካለ ወደ ነባሩ የኢትዮጵያ ትምህርት መለስ ብሎ መመልከት ይገባዋል። ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሽምደዳ ነው። በንባብ ቤት ረገድ ወቀሳው እውነትነት አለው፤ ሕፃኑ ትርጉሙን የማያውቀውን ዳዊት በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ይደግማልና። ቅኔ ቤት ግን ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ሰው ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ ተማሪ አይባልም። የሚጠበቅበት የራሱን አዲስ ቅኔ መፍጠር ነው።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። መምህሩ ግሱንና አገባቡን ይነግራል፤ ለአርአያ የሚሆን ቅኔም ይዘርፋል። ተማሪው ለብቻው ወደ ዛፍ ሥር ወይም ወደ ጫካ ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያም ተመልሶ በመምህሩ ፊት የቆጠረውን ይናገራል። የመምህሩ ዋና ሥራ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ከማሰሪያው ጋር ሳይስማማ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ቤቱ ሳይመታ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም ቀርቶ እንደ ሆነ በጆሮው ለይቶ ያቀናለታል። ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና በቅጡ ያልቻለ ተማሪ ወደ ረዣዥሞቹ፣ ወደ ሥላሴና ወደ መወድስ አይሻገርም። የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ ቤቶች በስልት ቢለያዩም በዚህ አካሄድ አንድ ናቸው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የመምህሩ መሣሪያ ጆሮው መሆኑን ለመረዳት የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማስታወስ ይበቃል። በጎጃም ጽላሎ ቅኔን ከአባታቸው የተማሩትና በኋላም ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት እኒህ ሴት ዓይነ ስውር ነበሩ። የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የመርጃ መሣሪያ፣ ከተማሪ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት በሚሉት ነጥቦች ቢመዘኑ ዛሬ በሚሠራበት ቅጽ ዝቅተኛ ውጤት ባገኙ ነበር። የተማሪያቸውን ቅኔ ሰምተው የተሳተውን ቃል ነቅሰው ማቅናት መቻላቸውን የሚመዘግብ ሣጥን በቅጹ ላይ የለምና።

ይህ ሲባል ነባሩ ትምህርት እንከን የለበትም ለማለት አይደለም። ቅጣቱ ብርቱ ነበር፤ ብዙዎች መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ያሉ ሴቶችም እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ከነባሩ የወረሰውንና የተወውን ሲመረምር ያገኘው ነገር ያስገርማል። የንባብ ቤቱን ድግምት ወርሶ የቅኔ ቤቱን ማዳመጥ ትቷል። መምህሩ ማስታወሻ ይሰጣል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተናም ያንኑ ይመልሳል። «ሂድና ቆጥረህ ና፤ እሰማሃለሁ» የሚለው ግንኙነት ግን ከክፍሉ ወጥቷል።

4. የማይሰማ መምህር

መናገር የማስተማር አንዱ ክፍል እንጂ ሁለንተናው አለመሆኑን በሰፊው ያሳየ አንድ ሙከራ በቅርብ ዘመን ተካሂዷል። በ1996 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» ተብሎ የሚጠራው የሳተላይት ትምህርት ነው። የታሰበው ዓላማ በጎ ነበር። በገጠር የሚማር ልጅ ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ትምህርት እንዲያገኝ፣ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤትም ሙከራውን በሥዕል እንዲያይ ነበር። በዝርዝሩ ቢመዘን የቴሌቪዥኑ መምህር እንከን አይገኝበትም። ሰዓት አያሳልፍም፤ ዕቅዱ የተሟላ ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ሥዕሉ ያማረ ነው፤ አይቆጣም።

በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይነገራል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሴኮንዶች ጠብቆ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ተማሪው ትክክል ቢመልስም፣ ቢሳሳትም፣ ጭራሹን ባይሰማም ለቴሌቪዥኑ ልዩነት የለውም። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሕያው መምህር ደግሞ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል በፕሮግራሙ ስለሚያዝ፣ ለመግቢያና ለማጠቃለያ በተተወለት ጥቂት ደቂቃ ተወስኖ እንደ ረዳት ቀረ። ብዙ ሰዎች ለችግሩ መብራት መጥፋቱን፣ የመሣሪያ ብልሽቱንና የቋንቋውን ክብደት ምክንያት አድርገው አቅርበዋል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ሆኖም መብራቱ ባይጠፋም፣ መሣሪያው ባይበላሽም፣ ቋንቋው ቢቀልም «እንዴት አገኘኸው?» የሚል አካል በመስኮቱ ውስጥ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርትም ከምንም ይሻላል ተብሎ ቢመሰገን እንጂ የመምህሩን ቦታ ተክቷል ያለ አልነበረም።

5. ስለ ተማሪው ብዛትና ስለ ጊዜ ማነስ

ከላይ በተባለው ላይ መምህራን የሚያነሡት ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ቀላልም አይደለም። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ተማሪ ተቀምጦ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ይህን ያህል ገጽ ጨርስ ተብሎ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስሕተት ማዳመጥ እንዴት ይቻላል? ከዚህም ሌላ ደመወዙ ለወር የማይበቃው መምህር የልብ ጆሮ ከየት ያመጣል? የመምህሩ ኑሮ ሳይሻሻል ማዳመጥን ብቻ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ ይህ ጉዳይ ከመመዘኛው ጋር ጎን ለጎን መታየት ይኖርበታል።

ስለ ብዛቱ ግን መልስ አለ። የሰባ ልጆች ስሕተት ሰባ ዓይነት አይደለም። በአንድ ጥያቄ ላይ የሚታዩት የስሕተት ዓይነቶች ብዙውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት የሚጠቃለሉ ናቸው። መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ትምህርቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በብጣሽ ወረቀት ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ አሠርቶ ቢሰበስብ ማርክ መስጠት አያስፈልገውም። ወረቀቶቹን እንደ ስሕተታቸው ዓይነት በሦስትና በአራት ክምር ከፍሎ ማየት ይበቃዋል። በማግስቱ የሚያስተምረውን የሚነግረው የትኛው ክምር ከፍ ብሎ እንደ ተገኘ ነው። ትክክል የመለሰውን ተማሪም «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ለተሳሳተ ብቻ የሚቀርብ ከሆነ ተማሪዎች የስሕተት ምልክት አድርገው ይቆጥሩታልና።

ቅኔ ቤትም የብዛቱን ችግር የፈታበት የራሱ ዘዴ ነበረው። መምህሩ የሁሉንም ቅኔ መስማት ሲያቅተው ከፍ ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪ እየሆኑ የታናናሾቻቸውን ይሰሙና ያቀኑ ነበር። ይህን በቅርብ ዓመታት በትምህርት ቤቶች ከተሠራበት «አንድ ለአምስት» ከተባለው አደረጃጀት ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። ጎበዙ ልጅ የቤት ሥራውን ሠርቶ አምስቱ በሚገለብጡበት ቦታ ሁሉ፣ የአስነጋሪነት ቅርጹ እንጂ ሥራው አልነበረም። አስነጋሪ መልስ አይሰጥም፤ ሰምቶ ያቀናል።

በዚህ ላይ አንድ ባህላዊ እንቅፋት መታወስ አለበት። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚልም አለው። ተማሪው በክፍል ውስጥ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ ምርጫውንም የሚወስነው የመጀመሪያውን ስሕተት በተናገረ ዕለት የገጠመው ነገር ነው። የተሳቀበት ልጅ አፉን ይዘጋል፤ አፉን የዘጋ ተማሪ ደግሞ ለመምህሩ የተዘጋ መጽሐፍ ነው።

በመግቢያው የተነሡት ባሕርያት እውነተኛ ቦታቸውን የሚያገኙት በዚህ ላይ ነው። ትዕግሥት ማለት ዝም ብሎ አለመቆጣት ሳይሆን ለተሳሳተ መልስ ሦስት ደቂቃ መስጠት ነው። ተማሪን መውደድ ማለት ራስ መደባበስ ብቻ ሳይሆን ልጁ ምን እንዳሰበ ለማወቅ መጓጓት ነው። አርአያነትም ቢሆን መምህሩ ራሱ በሰሌዳው ላይ ሲሳሳት ያለ ኀፍረት ቆሞ ማረሙ ነው። ባሕርያቱ ከክፍል ሥራ ተለይተው ሲዘረዘሩ ስብከት ይሆናሉ፤ ከስሕተት ጋር ሲገናኙ ግን የሙያ ችሎታ ይሆናሉ፤ የሙያ ችሎታ ደግሞ ሊሠለጠኑበት የሚቻል ነው።

6. ከዕቅድ አውጪዎችና ከኮሌጆች የሚጠበቀው

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አለመሆኑን ውጤቶች ይመሰክራሉ። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወሩ የየክፍሎቻቸው መምህራን በየዓመቱ በቅጽ ተመዝነዋል፤ ቅጾቹም በየቢሮው ተቀምጠዋል። አገር አቀፍ ፈተና ስንት ተማሪ እንደ ወደቀ ይናገራል፤ የት ላይ ማሰናከያ እንዳገኘው ግን አይናገርም። ይህን ሊናገር የሚችለው ልጁ በሁለተኛ ወይም በአምስተኛ ክፍል በተሰናከለባት ቀን ከፊቱ ቆሞ የነበረው መምህር ብቻ ነው፤ ያውም ሰምቶ እንደ ሆነ።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛው የኮሌጆች ፈተና ነው። የወደፊቱ መምህር አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛን እንዲደምር ብቻ መጠየቅ አይበቃም። «አንድ ተማሪ 2/7 ብሏል፤ ሌላዋ 2/12 ብላለች። እያንዳንዳቸው ምን አስበው ነው? ለእያንዳንዳቸው የምታቀርብላቸው ቀጣይ ጥያቄ ምንድን ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። በቋንቋ፣ በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ኮሌጆች ከተግባር ልምምድ የሚመለሱ ሠልጣኞችን የተማሪ ደብተር ይዘው እንዲመጡና በስሕተቶቹ ላይ እንዲወያዩ ቢያደርጉ ያለ ተጨማሪ በጀት የሚሠራ ነው።

ሁለተኛው የመምህራን የጋራ ሥራ ነው። በጃፓን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በሚሠራበት ልማድ መምህራን አንድ ትምህርት በጋራ ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ተቀምጠው የሚመለከቱት ግን በዋናነት መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያስቡ ነው፤ ከዚያም ባዩት ላይ ይወያያሉ። በየትምህርት ቤቱ ያሉት የትምህርት ክፍሎች ስብሰባም፣ በየርእሱ የሚያጋጥሙ የተለመዱ ስሕተቶችንና የተሞከሩ መፍትሔዎችን በአንድ መዝገብ ላይ እያሰፈሩ ለሚተካው መምህር ቢያስተላልፉ፣ ከሃያ ዓመት አገልግሎት የተገኘ ዕውቀት በጡረታ ቀን አብሮ አይሸኝም ነበር።

ሦስተኛው የምዘናው ቅጽ ነው። ቅጹን ማርዘም አያስፈልግም፤ ታዛቢው የሚያይበትን አቅጣጫ መለወጥ ነው የሚያስፈልገው። ዕቅድ መኖሩንና ሰዓት መከበሩን በአንድ መስመር ማጠቃለል ይቻላል። የቀረው ቦታ ለሦስት ጥያቄዎች ይዋል። ተማሪዎች በዚህ ክፍለ ጊዜ ምን ምን ስሕተት ተናገሩ ወይም ጻፉ? መምህሩ ስሕተቱን ሲሰማ ምን ጠየቀ? ስሕተቱን የተናገረው ተማሪ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ሁለተኛ ተናግሯል ወይስ ዝም ብሏል? አንድም ስሕተት ያልተሰማበት ክፍል ቢያጋጥም ታዛቢው ሙሉ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ሊያጤነው ይገባል። ሁሉንም የሚያውቁ ተማሪዎች የተሰበሰቡበት ክፍል ቢሆን መምህር ባላስፈለገው ነበር፤ እንዲህ ያለ ክፍል ብዙውን ጊዜ ተማሪው የማያውቀውን መናገር ያቆመበት ክፍል ነው።